ስፖንጁ ውስጥ የተገኘው ካሮት

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። በእጄ ይዤዋለሁ፣ በውሃ አለቅልቄዋለሁ።

ረቡዕ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻም አላላዘነም። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚሆን የሚመስላችሁ ካላችሁ... እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ።

የሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል የኢንዶስኮፒ ክፍል ናት። እዚያ ነርስ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪሙ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን ቱቦ በታማሚው አፍ አስገብቶ የምግብ ቧንቧውን ሲመለከት፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ መሣሪያ አቀብላለሁ።

ሰው የማይውጠው ነገር የለም። የዓሣ አጥንት፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ። አንዱ የሚስቱን ቀለበት ውጦ መጥቶ፣ "አደራ እሷ እንዳትሰማ" ብሎናል። ሚስትየው በር ላይ ቆማ ነበር።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ብዙም አይደነግጥም። "አንቺማ ደንዝዘሻል" ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ። እውነታቸውን ነው።

ያን ረቡዕ አልጋው ላይ የተኛው ግን ታናሽ ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሥራ ቦታው ከእናታችን ቤት ብዙ ስለማይርቅ ምሳውን ሁልጊዜ የሚበላው እኛ ጋ ነው። እኔ ስላላገባሁ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው።

አንድ ቀን የተበላሸ ነገር በልቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስመልሰው ዋለ። መጨረሻ ላይ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ።

"ጨርቅ ሲተረተር ሰማሁ" አለኝ አምቡላንሱ ውስጥ። "ከውስጤ።"

የምግብ ቧንቧው ነበር የተተረተረው። ምራቁም የበላውም በቀዳዳው ወደ ደረቱ እየፈሰሰ፣ ከቀዳዳው ጀርባ እንቁላል የሚያክል ጎድጓዳ ሠርቷል። ጎድጓዳው መግል ይዟል። ቶሎ ካልተዘጋ ሰው በዚህ ይሞታል።

ሐኪሙ ደረቱን ከመክፈት ይልቅ በስፖንጅ ሊያክመው ወሰነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስፖንጁን በጎድጓዳው ልክ በመቀስ እቆርጥና ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ በክር እሰፋዋለሁ። ሐኪሙ በካሜራው እያየ በቀዳዳው በኩል ጎድጓዳው ውስጥ ይከተዋል። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ በአፍንጫ ወጥቶ ከመምጠጫ ማሽን ጋር ይገናኛል። ማሽኑ ቀን ከሌት ይስባል። ቁስሉ እየጸዳ፣ እየጠበበ ይሄዳል። በየሦስት ቀኑ ስፖንጁን አውጥተን ከበፊቱ ያነሰ እንተካለን።

ሕጉ አንድ ነው። በአፍ ምንም አይገባም፣ ውሃም ቢሆን። ምግብ የሚደርሰው በሌላ ቱቦ ቀጥታ ወደ ሆዱ ነው፤ ወተት የመሰለ ፈሳሽ።

የራስን ቤተሰብ ማከም አይፈቀድም። ስፖንጅ አሰፋፍ ላይ ግን ከእኔ የሚሻል ስላልነበረ ሐኪሙ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ።

የመጀመሪያውን ስፖንጅ እሑድ ቀየርን። መግል ነበረው፣ ሌላ ምንም። ጥሩ ነው ተባለ።

ያን እሑድ ከሰዓት እናቴ ልትጠይቀው መጣች። ቱቦዎቹን እያየች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ መቀለድ ልማዱ ነው።

"እማዬ፣ ምሳዬን አስቀምጪልኝ። እህቴ እንዳትበላብኝ።"

እኔና ሚስቱ ሳቅን። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ስፖንጅ አወጣነው። እንደ ወትሮዬ ሳህን ላይ አድርጌ በውሃ አለቀለቅኩት።

ነጭ ነገር ረገፈ።

በመቆንጠጫ አነሳሁት። ለስላሳ ነው... የበሰለ ነው።

"ዶክተር" አልኩ።

"ምን አለ?"

"ሩዝ ነው።"

ሐኪሙ ዓይኑን ከስክሪኑ ነቅሎ ሳህኑን አየ። ሰባት ፍሬ ነበር።

"በልቷል" አለ በቀስታ።

ወንድሜ ከማደንዘዣው እስኪነቃ አጠገቡ ጠበቅኩ።

"ማን ነው ያበላህ?"

"ምን?"

"ሩዝ። ማን ሰጠህ?"

"እህት ዓለም... ምራቄን እንኳን በፎጣ ነው የምጠርገው።"

"አትዋሸኝ።"

"እማዬን ስልሽ። አልበላሁም።"

አላመንኩትም። የታመመ ሰው ሲርበው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ጓንት ውስጥ ዳቦ የደበቀ አይቻለሁ።

ጥርጣሬዬ አጠገቡ በምታድረው ሚስቱ ላይ ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ቦርሳዋን በጥበቃ አስፈተሽኩ። ማበጠሪያና የሞባይል ቻርጀር ነበር የያዘችው።

"እኔ ነኝ ባሌን የምገድለው?" አለችኝ። ድምፅዋን እንኳን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ሄደች፣ ለብዙ ቀንም አልተመለሰችም። ዛሬም ድረስ በሙሉ ዓይኗ አታየኝም፤ አልፈርድባትም።

ያን ቀን አንድ ነገር ሳላስተውል ቀርቼ ነው እንጂ ወንድሜን አምነው ነበር።

ሐኪሙ ግን አስተውሎታል። ሐሙስ ጠዋት ጠርቶ የተቀዳውን ምስል አሳየኝ።

"ይሄውልሽ፣ ከአፉ እስከ ቀዳዳው ንጹህ ነው። በአፉ ቢገባ መንገድ ላይ የሆነ ቅሪት ይኖር ነበር።"

"ታዲያ በየት ገባ?"

ምስሉን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አየው፣ ከዚያ ሌላ ታማሚ መጣና ተነሳን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ ጥበቃ ቆመ። ማንም እንዳይጠይቀው ተደረገ። በምሳ እረፍቴ እቤት ከበላሁ በኋላ ቀሪውን ሰዓት አልጋው አጠገብ አሳልፈው ጀመር። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እየከሳ ነው። ትኩሳቱ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሦስተኛው ስፖንጅ ወጣ።

ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ አፈሰስኩበት።

ካሮት።

አንድ ቁራጭ፣ ከጥፍሬ ትንሽ ከፍ የሚል። ዳርና ዳሩ ተሸንሽኗል።

እጄ ላይ አገላበጥኩት። እናቴ ዘንድ ጥርስ ያለው ቢላ አለ፤ ካሮት የምትቆርጠው በእሱ ብቻ ነው። ስለቱ አንድ ቦታ ላይ ስለተሸረፈ፣ የምትቆርጠው ካሮት ሁሉ ጎኑ ላይ አንድ ወፈር ያለ መስመር ይኖረዋል።

መስመሩ ነበረ።

ይህንኑ ካሮት አርብ ምሳ ላይ እኔም በልቼዋለሁ።

"ሲስተር?" አለ ሐኪሙ።

"ካሮት ነው" አልኩ።

እንቁላል ያክል የነበረው ጎድጓዳ ብርቱካን አክሏል። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ቅርጫት ውስጥ ጣለ።

"እስከ ማክሰኞ ካልጠበበ ደረቱን እንከፍታለን።"

"በዚህ አቅሙ?"

"አንቺም ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። በዚያ አቅም የገባ ሰው ከቀዶ ጥገና ክፍሉ የሚወጣው ተሸፍኖ ነው። አላለቀስኩም። ቅጹን ሞላሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ካሮቱን በናሙና ዕቃ ከትቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። መፍራት የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው። ምንም አልተሰማኝም።

በማግስቱ እሑድ ዕረፍቴ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ቀረብን።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰሃን አለ።

ሦስተኛው በሌላ ሰሃን ተከድኗል። ከዚያ በፊት ሳላየው ቀርቼ አይደለም። በየቀኑ ነበር፤ በየቀኑም አይቼ አልፌዋለሁ።

"እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

"የወንድምሽ ነዋ። አስቀምጪልኝ አላለም?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሰኞ።"

ሩዝ ማክሰኞ፣ ካሮት አርብ። በልቤ ቆጠርኩ።

"ታዲያ ማታ ምን ታደርጊዋለሽ?"

እናቴ ግራ ገብቷት አየችኝ።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትበዪው?"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ስትነሳ ሰሃኑ ባዶ ነው። "ልጄ ወደ ሥራ ከመመለሷ በፊት ርቧት በላችው" ትላለች፣ ታጥበዋለች። እኔ ደግሞ ማታ ስገባ ሰሃኑ ታጥቦ ተደፍቷል። "እናቴ ለጎረቤት ሰጠችው" እላለሁ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን አንዳችን ሌላችንን አልጠየቅንም።

ያን ሰሃን አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም።

"ዛሬ አትተኚም" አልኳት። "ቁጭ ብለን እናየዋለን።"

ቁጭ አልን። የእኛ ምግብ ቀዘቀዘ። የተከደነው ውስጥ ያለው አተርና ድንች ነው፤ ስትጨልፈው አይቻለሁ።

አምስት ደቂቃ።

አሥር ደቂቃ።

ሰሃኑ አልተንቀሳቀሰም። ምንም ድምፅ የለም። የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲዞር ይሰማል። እናቴ ማዛጋት ጀመረች፤ እኔም ራሴን ታዘብኩት፣ እዚህ ተጎልቼ ሰሃን ስጠብቅ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጠራ። ወንድሜ የተኛበት ክፍል ነርስ ናት።

"የመምጠጫ ማሽኑ እየጮኸ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ቱቦው ተደፍኗል።"

"በምን?"

"እኔ እንጃ... አረንጓዴ ነው። አተር ይመስላል።"

"በሩ ላይ ማን አለ?"

"ጥበቃው አለ። እኔም ከአጠገቡ አልተነሳሁም። ተኝቷል እኮ፣ አፉም ግጥም ብሏል።"

ስልኩን ሳልዘጋ መክደኛውን አነሳሁ።

ሰሃኑ ባዶ ነበር። ቅባቱ እንኳን አልቀረም። መሐሉ ረጥቧል።

እናቴ በጣቷ ነካችው።

"ይሞቃል" አለች።

እናቴ ጭልፋውን አንስታ ወደ ድስቱ ዞረች። እጇን ያዝኩት።

"ልጨምርለት እንጂ" አለችኝ። "ርቦት ነው።"

"እማዬ፣ የሚበላው እሱ አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

"አላውቅም። ብቻ ካላቆምሽ ልጅሽ ይሞታል።"

እጇ እጄ ውስጥ ከበደ። በመጨረሻ ጭልፋውን አስቀመጠች። ሰሃኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችው። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ለሰሃን መሳቢያ መቆለፍ ሞኝነት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ማክሰኞ ስፖንጁ ንጹህ ወጣ።

ጎድጓዳው ሎሚ አክሏል። ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። ሐኪሙ ደስ ብሎት፣ "ሲስተር፣ ልብስ ሰፊ መሆን ሲገባሽ ነው እዚህ የቀረሽው" አለኝ። እኔም ለደንቡ ያህል ሳቅኩ።

አርብ ደግሞ ብይ አክሏል። ትኩሳቱ ጠፋ። ወንድሜ ቀና ብሎ መቀመጥ ጀመረ። አልጋውን ሳስተካክል እጄን ያዘኝ።

"ቀረብ በይ።"

"ምን ሆንክ?"

"እዚህ ውስጥ ያለው..." እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "በጣም ርቦታል።"

"አንተ ነህ የራበህ። ሁለት ሳምንት አልፎሃል እኮ።"

"እኔ ጠግቤያለሁ፣ እህት ዓለም። የእኔን ረሃብ አጥቼው ነው?"

"መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያደርግህ።"

"እሺ" አለ። "ብቻ ያለቅሳል።"

ካርዱ ላይ አልጻፍኩትም። ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?

ሰኞ ቀዳዳው የክብሪት ራስ አክሎ ነበር። ከዚህ በኋላ ስፖንጅ አያስፈልገውም። ጥርስ ባለው ትልቅ ክሊፕ ግራና ቀኙን አገጣጥሞ መዝጋት ነው። ሐኪሙ ካሜራውን ቀዳዳው ላይ ይደግናል፣ ሥጋውን ጫፉ ላይ ወዳለው ቆብ መጥጦ ያስገባል፣ "ልቀቂ" ሲለኝ እኔ ክሊፑን የምትለቀውን ትንሽ መዘውር እጠመዝዛለሁ። ክሊፑ ነክሶ ይይዛል።

ስክሪኑ ላይ ቀዳዳው ይታየኛል። ይከፈታል... ይዘጋል። ይከፈታል... ይዘጋል።

"ትንፋሹ ነው" አለ ሐኪሙ፣ ሳልጠይቀው።

የማደንዘዣ ባለሙያውን ማሽን አየሁ። በደቂቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ነበር የምታስተነፍሰው። ቀዳዳውን ቆጠርኩ። አርባ አለፈ።

መዘውሯን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

"መምጠጫውን ገና አትክፈቺው" አለኝ።

"አልተከፈተም።"

"እየሳበ ነው እኮ።"

"ዶክተር፣ ዝግ ነው።"

ቱቦው በእጁ ውስጥ ተንሸራቶ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። ማንም አልገፋውም። የቀዳዳው ጠርዝ የካሜራውን ቆብ ጥብቅ አድርጎ ያዘው፤ አጥብቆ፣ ለቀቅ አድርጎ፣ እንደገና አጥብቆ። ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነ።

ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ድምፁ ግን አልተለወጠም።

"ልቀቂ።"

እጄ መዘውሯ ላይ ነው። አልጠመዘዝኩም።

"ሲስተር። ልቀቂ።"

ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሁሉ ያልመጣው ስሜት ያኔ መጣ። ፍርሃት አልነበረም። አዘንኩ። ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ወንድሜን አየሁት። ተኝቷል፣ ቱቦ ጎርሶ፣ ፊቱ አጥንት ብቻ ቀርቶታል።

ጠመዘዝኩ።

ክሊፑ ነከሰ። ቱቦው ወዲያው ላላ። ስክሪኑ ላይ የክሊፑ ጥርሶች ያበራሉ፤ ቀዳዳ የለም።

"በቃ" አለ ሐኪሙ። ጓንቱን አውልቆ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ለሚቀጥለው ታማሚ እስክንጠራው ድረስም አልተነሳም።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ለመጨረሻው ምርመራ ወደ ራጅ ክፍል ወሰድኩት። ቀላል ነገር ነው። ታማሚው ቆሞ ነጭ ፈሳሽ ይጠጣል፣ ፈሳሹ ሲወርድ ስክሪን ላይ ይታያል። ወደ ጎን ካልፈሰሰ ድኗል፣ ቤቱ ይገባል።

ሚስቱ መጥታ ነበር። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ የቤት ልብሱን በፌስታል ይዛለች። ሰላም አልኳት፣ በአንገቷ መለሰችልኝ።

ራጅ አንሺው ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀሩት ሰው ነው። እኔና እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ቆምን። ወንድሜ ከመስታወቱ ወዲያ ኩባያውን ይዟል።

"ጠጣ" አለው በማይክሮፎኑ። "ቀስ ብለህ።"

ጠጣ።

ነጩ መስመር ስክሪኑ ላይ ወረደ። በክሊፑ አጠገብ አለፈ። ቀጥ ብሎ ሆዱ ገባ። ጠብታ አልፈሰሰም።

"ተገላገልሽ" አለኝ ራጅ አንሺው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ወንድሜ ኩባያውን እስከ መጨረሻው ጨለጠና ግድግዳውን ተደገፈ። እያለቀሰ ነበር። እኔም ዓይኔ ሞላ።

"አንድ መጨረሻ ላንሳ" አለ ራጅ አንሺው። ማይክሮፎኑን ተጫነ። "አሁን እንዳትውጥ። ትንፋሽህን ይዘህ ዝም ብለህ ቁም።"

ወንድሜ እንደ ሐውልት ቆመ።

ነጩ ፈሳሽ ወርዶ አልቋል። ቧንቧው ባዶ ነው። አይንቀሳቀስም።

ከጎኑ ግን...

ከክሊፑ ወዲያ፣ ምንም ሊኖርበት በማይገባው ቦታ፣ ቀጭን ጥላ አለ። ከላይ ወደ ታች ጠበብ አለ፣ ሰፋ አለ። እንደገና ጠበብ አለ፣ ሰፋ አለ።

አሥራ አራት ዓመት አይቼዋለሁ። ሰው ሲውጥ እንዲህ ነው።

"ሲስተር..." አለ ራጅ አንሺው።

"አይቻለሁ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

በመስታወቱ ወንድሜን አየሁት። ትንፋሹን ይዞ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ በዓይኑ ይጠይቀኛል። ቤቱ መግባት ይፈልጋል። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር።

"ምንም መፍሰስ የለም ብለህ ጻፍ።"

እስክሪብቶውን አነሳ። እጁ እየቆመ ጻፈው። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

"አለቀ?" አለ ወንድሜ ከወዲያ።

"አለቀ" አልኩት። "ና ውጣ፣ ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው።"

እሱ ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ስክሪኑን እንደገና አየሁት።

ጥላው መዋጡን አቁሟል።

ላይኛው ጫፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ... ጉርሻ እንደሚጠብቅ አፍ ተከፍቶም ቀረ።